ኮርማ ያጣ አገር

ኮርማውን ከልጆቹ አብልጦ የሚወድ አንድ ባለጸጋ ነበረ።

ቆይ ስንሻው፣ አታቋርጠኝ። ጥያቄህን ሰምቻለሁ። አንተ በምትመራው የከብት ማራቢያ ጣቢያ የአንድ ምርጥ ኮርማ ግልባጮች ሊገቡ ነው፤ ለሁሉም የሚበቃ መኖ የለምና በበረቱ ያሉት ያገር ኮርማዎች ተጭነው ለሥጋ ይሂዱ ተብሏል፤ እሺ ልበል ወይስ እምቢ ብለህ ወደ አሮጌው አስተማሪህ መጥተሃል። «ጋሼ፣ ይሄ አዲሱ ዕውቀት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ነው ያልከኝ። ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነበርክ፤ በአንድ ቃል የሚመለስ ጥያቄ ትወድ ነበር። አንድ ቃል የለኝም። ያለኝ ይህ ባለጸጋ ነው፤ እሱን ስማ።

ባለጸጋው የሚኖርበት አገር ቆላ የቀመሰ ሸለቆ ነው። ሰዉ ያርሳል፣ ግን ልቡ ከከብቱ ጋር ነው፤ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ከልጅ በፊት የላም ጤና ይጠያየቃል። ከብቶቻቸውን ብታይ ግን ትስቅ ነበር። በአንድ በረት ውስጥ ጥቁሩ፣ ዳልቻው፣ ቡሬው፣ ቦቃው፣ አጭሩ፣ ረጅሙ፣ ቀንዱ የተንጨፈረረውና ቀንዱ ወደ ታች የተቆለመመው ተቀላቅሎ ይውላል። አንዷ የዋህ ናት፤ አንዷ አላቢዋን በእርግጫ ታነሳለች። ወተታቸው ጥቂት ነው። ጥጃው ጠብቶ ሲያበቃ ለልጅ የሚተርፈው አንድ ጣሳ ቢሞላ ነው፤ በበጋ እሱም የለም። ድህነት ነበር፤ ድህነቱን አላሳምርልህም።

ያ ሁሉ መዘበራረቅ የመጣው ከአንድ ደንባቸው ነው። ከብቱ ያለቀበት ሰው ሲኖር፣ አገሬው ቀን ቆርጦ፣ እያንዳንዱ አባወራ አንዲት ጊደር በገመድ እየሳበ ወደ ሐዘንተኛው ደጅ ይመጣል። ሰጪው የፈለጋትን ይሰጣል። ተቀባዩ አይመርጥም፣ አይመልስም። መልከ ጥፉም ብትሆን፣ ተራጋጭም ብትሆን፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ገመዷን ይቀበላል። ከዚያ ደጅ መቅረት ነውር ነው፤ የሚሰጥ የሌለው እንኳ መጥቶ ይቆማል። መቼም ሰው ሰው ነውና ሁሉም መልካሟን ቤት አስቀርቶ የማይወዳትን ይዞ ይመጣ ነበር። ግን ዛሬ የሰጠ ነገ ይቀበላል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ የእያንዳንዱ በረት ደም በሁሉም በረት ውስጥ ገባ። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ስለ ዘር አስበው አይደለም። ሐዘንተኛ ባዶ በረት እያየ እንዳያመሽ ነው።

ወደ ባለጸጋው ልመለስ። ኮርማው እውነትም ኮርማ ነበር። ሰፊ ደረት፣ ቀጥ ያለ ወገብ፣ ገራም ጠባይ፤ ከእሱ የተወለዱ ጊደሮች ደግሞ ወልደው ሲታለቡ የእናቶቻቸውን እጥፍ ይሰጣሉ። ሰውየው በገዛ እጁ ያጥበዋል፤ ዝንቡን በጭራ እሽ ይልለታል። ሚስቱ «እኔ ስታመም እንዲህ አልተሯሯጥክም» ትለው ነበር ይባላል። እንግዲህ ኮርማም ያረጃል። ጉልበቱ ሲደክም፣ ላም ሲመጣለት መነሳት ሲያቅተው፣ ባለጸጋው እንቅልፍ አጣ። ልጅ አለው፤ ግን የኮርማ ልጅ ኮርማውን አይደለም፤ ግማሹ የእናቱ ነው። እሱ የፈለገው ግማሽ አይደለም።

በዚህ ጊዜ ከከተማ አንድ ምሁር መጣ። ምሁሩ ከኮርማው ጆሮ የጥፍር ያህል ቆዳ ቆርጦ ሄደ። ከዚያች ቆዳ ዘሩን አውጥቶ በሌላ ላም ማሕፀን አኖረው። ላሟ በወሯ ወለደች፤ የወለደችው ግን የራሷን ጥጃ አልነበረም፤ ያንኑ ኮርማ ነው። ወንድሙን አይደለም፣ ልጁንም አይደለም፤ እሱኑ። አገሬው ሲያይ አማተበና «ግልባጭ» ብሎ ስም አወጣለት። ከምርጧ ላም ጆሮም እንዲሁ ተደረገ፤ ግልባጭ ላሞች ተወለዱ። በመሃል ብዙ ፅንስ ጨንግፏል፣ ብዙ ጥጃ ሞቶ ተወልዷል። ምሁሩ ይህን አልደበቀም። ባለጸጋውም አልጠየቀም።

ምሁሩ በዚህ አላበቃም። ዘሩ ውስጥ ገብቶ፣ ጥሩ ልብስ ሰፊ ያለቀ ልብስ ፈቶ እንደሚያስተካክለው፣ አንዲት ክር ይመዛል፣ አንዲት ክር ያስገባል። ቀንድ እንዳይበቅል አደረገ፤ ላም ላምን ወግታ መግደል ቀረ። ፀጉራቸውን አሳጥሮ የቆላውን ሐሩር እንዲችሉት አደረገ። በዚያ አገር ጥጃ ይፈጅ የነበረውን ተቅማጥም ከዘሩ ነቅሎ ጣለው። ገና ሳይወለዱ ዳኑ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ነው ስንሻው። ወተቱ ውሸት አልነበረም። ጉንጫቸው የጎደጎደ ሕፃናት ሞሉ። እናቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ቅቤ ከቤት ተርፎ ገበያ ወሰዱ። የወተት መኪና ጠዋት ጠዋት እስከ ሸለቆው ድረስ ይገባ ጀመር። ስለ አዲስ ዕውቀት ስትጠይቀኝ ፊቴን አጨማድጄ «ተው ይቅርብህ» የምልህ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። የተራበ ልጅ ወተት ሲጠጣ አይቼ «ይህ ወተት ከጆሮ ቁራጭ ነው የመጣው» ብዬ የምከራከር ሰው አይደለሁም።

ምሁሩ ሊሄድ ሲል አንድ ነገር ተናገረ። «የሠራሁላችሁ አንድ ከብት ነው፤ መንጋ አይደለም። የቀድሞዎቹን እንዳትጥሏቸው» አለ። ብሏል፣ አልዋሸም። ግን እንዴት አለ? መኪናው ሞተሩ ተነስቶ፣ በመስኮት። እኛ የተማርን ሰዎች እንዲህ ነን፤ ተስፋውን አዳራሽ ሰብስበን በማይክሮፎን እንናገራለን፣ ማስጠንቀቂያውን ደግሞ ስንሄድ በመስኮት እንወረውራለን። ባለጸጋው እጁን እያውለበለበ ነበር። ይስማ አይስማ እንጃለት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀስ እያለ ተበላሸ። ማንም ክፉ ሥራ ልሥራ ብሎ አልተነሳም። በመጀመሪያ ሰዎች ወይፈኖቻቸውን እያኮላሹ ለእርሻ አደረጓቸው፤ ላማቸውን ባለጸጋው በረት ወስደው በግልባጩ ያስጠቃሉ። ቀጥሎ የቀድሞ ላሞቻቸውን ሸጠው ግልባጭ ገዙ። አንድ ቀን ደግሞ ከብቱን ጎርፍ የወሰደበት ሰው ደጅ ላይ አገሬው እንደ ደንቡ ተሰበሰበ። ሐዘንተኛው የመጣችለትን ጥቁር ጊደር ዓይቶ «ይቺንስ መልሳት፤ ከግልባጩ የተወለደች የለህም?» አለ። በዚያ አገር ጊደር ስትመለስ ያን ዕለት የመጀመሪያው ነበር። ሰጪው ሊቆጣ ይገባ ነበር፤ አልተቆጣም። ከሰው ፊት የቆሸሸ ልብስ እንደለበሰ ሰው አፈረ። ጥቁሯን ይዞ ተመለሰና በሳምንቱ ገበያ ለሥጋ ሸጣት። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥቁር ጊደር ይዞ የወጣ ሰው የለም።

በዚያው አገር አንድ ገበሬ ነበረ። ሚስትና ልጆች አሉት። እሱም እንደ ሌላው ግልባጭ ላም በዱቤ አስገብቶ ነበር፤ ግን የድሮ ጠባዩን ያልተወ አንድ ያገር ኮርማ ቀርቶበታል። ኮርማው አጭር ነው፤ ቀለሙ የጭቃ፤ አንድ ቀንዱ ወደ ዓይኑ የተቆለመመ፤ ነገረኛ። እሾህ ቁጥቋጦ ይበላል፣ የተቀመጠለትን ሣር ይተዋል። አጥር ይዘላል። ከሁሉ የባሰው ይሄ ነው፤ አጥር እየዘለለ የባለጸጋውን ላሞች ያጠቃል። ዘጠኝ ወር ተጠብቆ ግልባጩን የመሰለ ጥጃ ይወለዳል ሲባል፣ ጭቃ የመሰለ ጥጃ ዱብ ይላል።

ባለጸጋው ሽማግሌዎች ይዞ ገበሬው ቤት መጣ።

«ዘሬን አበላሸህብኝ» አለው።

«እኔ ምን አደረግሁ? ኮርማ ነው፤ ኮርማ የሚያደርገውን አደረገ» አለ ገበሬው።

«እንግዲያው አኮላሸው። ላሞችህን እኔ ጋ አምጣ፤ አንድ ሳንቲም አልጠይቅህም። ጎረቤት አይደለንም ወይ?»

ሽማግሌዎቹም «ልጄ፣ ያገር ሰው ወደ ፊት ሲሄድ አንተ ምን ሆነህ ነው ወደ ኋላ የምትጎትተን?» አሉት።

አሁን ልብ በል። በዚያ አገር ማንም ሰው የሌላውን ሰው ኮርማ አኮላሽ ብሎ ማስገደድ አይችልም። ባለጸጋ ቢሆን፣ ሽማግሌ ቢሆን፣ አይችልም። ገበሬው «አይሆንም» ቢላቸው ኖሮ፣ አጥሩን አጠንክር ብለውት ከመሄድ በቀር ሌላ ነገር በእጃቸው አልነበረም። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። አንተ የምትወደው ዓይነት አንድ ቃል።

ገበሬው «ልማከር» ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። ሚስቱ ሁሉንም ሰምታለች።

«ተው፣ አታድርገው» አለችው። «ይሄ ኮርማ ከሌለ በረታችን ውስጥ የኛ የሆነ ምን ይቀራል? ሁሉ የሰውየው ነው።»

«የኛ የሆነው ምን በጀን?» አላት። «የጎረቤት ልጅ እየጠገበ ሲወጣ የኔ ልጅ ጣሳ ስትልስ ኖራለች። እድሜ ለግልባጩ! ደግሞ አልሰማሽም ምን እንደሚሉኝ? እኔ ብቻ ነኝ እኮ የቀረሁት።»

ስለ ልጅቱ ያለው እውነት ነበር። ስለ ሰው አፍ ያለውም እውነት ነበር። ክፉ ሥራ ሁልጊዜ ውሸት ላይ የሚቆም ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ጻድቃን በሆንን ነበር።

ኮርማውን ጠልፈው ጣሉት። ጎረቤቶች እግሩን ያዙ። ማኮላሻ ጉጠቱን የያዘው ግን ሌላ ሰው አይደለም፤ ገበሬው ራሱ ነው። ሥራው ረጅም አይደለም፣ ደምም የለውም። ኮርማው አንድ ጊዜ አገሳ፣ ከዚያ አፈር ላይ ተንፍሶ ዝም አለ። ሰዎቹ እጃቸውን ተለቃለቁ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ባለጸጋው የገበሬውን ትከሻ መታ መታ አደረገና «አሁን ሰው ሆንክ» አለው። ገበሬው ያን ዕለት ደስ ብሎት ዋለ፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። አዝኖ ቢያደርገው ይሻለኝ ነበር።

ያ ኮርማ በዚያ ሸለቆ ውስጥ ግልባጭ ያልሆነ የመጨረሻው ኮርማ ነበር። ማንም ልብ አላለም። በሬ ሆነ፣ ቀንበር ለመደ፣ አረሰ፤ አጥር መዝለሉንም ተወ። የወለዳቸው የጭቃ ቀለም ጥጃዎች ደግሞ ባለቤቶቻቸው አፍረውባቸው አንድ በአንድ ወደ ቄራ ሄዱ።

ጥቂት መልካም ዓመታት አለፉ፤ መልካም ነበሩ። ከገበሬው በሬ በቀር የድሮዎቹ በሬዎች አርጅተው በግልባጩ ልጆች ተተኩ። ከዚያ ዝናቡ ያለ ወሩ ዘነበና ከታች ከበረሃው በኩል አንዲት ዝንብ ወጣች። ቀድሞ ያልታየች ዝንብ ናት። ምሁሩም አያውቃትም፤ ካላወቃት ደግሞ ክር መዝዞ ሊከላከላት አይችልም። የነከሰቻት ላም በመጀመሪያ ወተቷ ይነጥፋል፣ ከዚያ አንገቷ ሥር ያብጣል፣ ከዚያ በግራ ጎኗ ትተኛለች። አትነሳም። መጀመሪያ አንዷ ተኛች። ቀጥሎ ሌላዋ፤ እሷም በግራ ጎኗ። የሰው ሁሉ ላም በአንድ ዓይነት አኳኋን ይሞት ጀመር፤ ያብጣል፣ በግራ ይተኛል፣ ያበቃል። እንዴት አይሆን? በሩ ሁሉ አንድ ቁልፍ ነበረው። በሽታው አንዱን በር መክፈት ሲችል የሁሉንም ቤት ከፈተ።

በድሮው መንጋ ቢሆን ጥቁሯ ትሞታለች፣ ዳልቻዋ ታምማ ትድናለች፣ ተራጋጯን ዝንቧም አትደፍራትም። ከሞተው ሞቶ፣ ከቀረው ተነስቶ፣ አገሬው ያለቅስና ይቀጥል ነበር። አሁን ግን የሚቀር አልነበረም።

ከብቱ መጀመሪያ ያለቀበት ሰው አንድ ድሃ ነው። አገሬው እንደ ደንቡ ጊደር እየሳበ መጣለት። ሁሉም ቆንጆ፣ ሁሉም አንድ መልክ፤ ያን ጊዜ ማንም «መልሳት» አላለም። ጊደሮቹ ወሩ ሳይሞላ እዚያው በረት ውስጥ ተደርድረው ሞቱ፤ ሁሉም በግራ ጎናቸው። ቀጥሎ የጎረቤቱ፣ ቀጥሎ የዚያ ጎረቤት። የባለጸጋው በረት በመጨረሻ ባዶ ሆነ፤ ግልባጩም፣ የግልባጩም ግልባጭ ሞተ።

ለባለጸጋው ቀን ተቆረጠ። ከሐዘንተኛ ደጅ መቅረት ነውር መሆኑን ነግሬሃለሁ። ሰዎቹ መጡ። ሁሉም በእጁ ገመድ ይዟል፤ በገመዱ ጫፍ ምንም የለም። ያለ ገመድ መምጣት ደግሞ ነውር መሰላቸው መሰለኝ። ባዶ ገመዳቸውን እንደያዙ ደጁ ላይ ተሰለፉ። ባለጸጋው ወጥቶ አያቸው፤ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ዓይኑን አዘዋወረ፤ ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ምን ይበል? ደንቡ እንደዚያ ነው የሚለው። ሰዎቹም ገመዳቸውን ጠቅልለው ወደየቤታቸው ሄዱ።

በዚያ ሰሞን በአገሩ ሁሉ ቆሞ የሚያመሰኳ አንድ ከብት ብቻ ነበር፤ የገበሬው በሬ። ዝንቧ ትነክሰዋለች፤ እሱ ቆዳውን ነዘር ያደርግና እሾሁን ይበላል። ሰዉ ሊያየው ይመጣ ነበር። በመጨረሻ ባለጸጋውም መጣ፤ ብቻውን፣ ያለ ሽማግሌ።

«ወንድሜ፣ ኮርማህን አውሰኝ» አለ። «ከሩቅ አገር ላም አመጣለሁ።»

የገበሬው ሚስት ናት የመለሰችው።

«ኮርማ የለንም ጌታዬ። በሬ ነው ያለን» አለች።

ባለጸጋው ዘንግቶት ነበር! ደጃፉ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ገበሬው ግን አላለቀሰም፤ በሬውን እያየ ቆሞ ቀረ። ልጁ ቤት ውስጥ ጣሳ ይዛ ነበር፤ ጣሳው ባዶ ነው፤ አሁን ደግሞ የጎረቤት ልጅም ባዶ ጣሳ ይዟል።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ታለቅስና ትማርበታለህ። አያልቅም።

ምሁሩ ወሬውን ሰምቶ መጣ። በሬውን ዞሮ ዞሮ አየው፤ ዓይኑ በራ። «ይሄንን መመለስ ይቻላል» አለ።

«ተኮላሽቷል እኮ» አለ ገበሬው፤ ጭንቅላቱን ደፍቶ።

«ጆሮው አልተኮላሸም» አለ ምሁሩ።

እውነቱን ነው። ከበሬው ጆሮ የጥፍር ያህል ቆረጠ፤ ከሩቅ በመጣች ላም ማሕፀን አኖረ፤ አጭር፣ ጭቃማ፣ ነገረኛ ወይፈን ተወለደ። በጉጠት የጠፋው በዕውቀት ተመለሰ። ገበሬው ጥጃውን አቅፎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እዚህ ላይ እኔም ባርኔጣዬን አነሳለሁ ስንሻው፤ የሞተ ነገር ሲነሳ ዓይቶ ዕውቀትን የሚረግም ሰው የለም።

ምሁሩ በዚህ ጊዜ ተምሯል። ከመኪናው ወርዶ፣ አደባባይ ቆሞ፣ ጮክ ብሎ ተናገረ። «ይሄም አንድ ነው። ይህችን ዝንብ ይችላል፤ የሚመጣውን አላውቅም። ከየአገሩ የተለያየ ከብት አምጡ፤ ቀላቅሉ፤ መልከ ጥፉውንም አትናቁ» አለ። ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ። ገበሬውም ነቀነቀ።

ከዚያ ምን ሆነ መሰለህ? ወይፈኑ ኮርማ ሆነ። ዝንቧን የሚችል ኮርማ በአገሩ ሁሉ እሱ ብቻ ነው። ሰዉ ሁሉ ላሙን እየነዳ ወደ ገበሬው ደጅ መጣ። ገበሬው ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ፤ አጥሩን በድንጋይ ካበ፤ ኮርማውን በገዛ እጁ ያጥበው ጀመር። ሰዎች ሲያልፉ ይነሱለታል። ምክር የሚጠየቅ ሰው ሆነ፤ «እኔ ድሮ ብዬ ነበር» ማለትም ለመደ። አላለም እኮ! ያለችው ሚስቱ ናት።

አንድ ቀን ከሩቅ ቆላ የተሰደደ አንድ ምስኪን ሰው ቤተሰቡን ይዞ ወደዚያ ሸለቆ መጣ። ከንብረቱ የተረፈው አንድ ወይፈን ነው፤ ቀይ፣ ከሲታ፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፤ በዚያ አገር ከዚያ በፊት ያልታየ ዓይነት። ሰነበተና ወይፈኑ አጥር ዘለለ። ከገበሬው ኮርማ ይወለዳል ሲባል የነበረው ጥጃ ቀይ ሆኖ ተወለደ።

ገበሬው ሽማግሌዎች ይዞ ወደ ስደተኛው ጎጆ ሄደ። ሚስቱም ከኋላ ተከተለች።

«ዘሬን አበላሸህብኝ» አለው። «ወይፈንህን አኮላሸው። ላም ስታገኝ እኔ ጋ አምጣ፤ አንድ ሳንቲም አልጠይቅህም።»

ሚስቱ ቃሉን ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ያኔ በገዛ ደጇ ከሰማችው አንዲት ቃል አልጎደለም። ስደተኛው እምቢ ማለት ይችል ነበር፤ ሕጉ አልተለወጠም። ግን እንግዳ ነው፤ ልጆቹ ርቧቸዋል፤ ሽማግሌዎቹ ያዩታል። አፈረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነግርህም። ቀጣዩ በሽታ ከየት በኩል እንደሚመጣ እኔ አላውቅም፤ ገበሬውም አያውቅም።

እንግዲህ ወደ አንተ ልምጣ ስንሻው። አሁን «ገባኝ ጋሼ፣ ግልባጩ ይቅር ነው የምትለኝ» ልትል ነው። አላልኩም። ግልባጩን አስገባ። ወተቱ ልጆች አፍ ውስጥ ይግባ። የሚመዘዘውን ክር ይምዘዙ፤ የሚድነው ጥጃ ይዳን። አንተ የጠየቅከኝ ስለሚገባው ነው፤ ስለሚወጣው አልጠየቅከኝም። ሁለቱን በአንድ ገመድ አስረው ሰጡህና አንድ ነገር መሰለህ። ባለጸጋው ግልባጩን እንላክልህ የሚሉህ ናቸው፤ እነሱ የሚወዱትን ይወዳሉ፣ ምን ታደርጋቸዋለህ። ምሁሩ የሙያ ባልደረቦችህ ናቸው፤ እነሱ የሚችሉትን ይሠራሉ። ከጆሮ ቆዳ ቆርጦ የበረት ኮርማ ሁሉ ያኮላሸ ምሁር ግን የለም። ጉጠቱ በገበሬው እጅ ነበር። በዚህ ምሳሌ ውስጥ ገበሬው አንተ ነህ።

መኖ የለም ትለኛለህ። መኖ ፈልግ። ለየገበሬው በአደራ በትናቸው፤ ጣቢያው ካልቻለ አገሩ ይመግባቸው። የተለያየውን ዘር አስቀምጥ፣ ጆሯቸውንም ቢሆን ቆርጠህ በበረዶ አኑር፤ ይሄ ዕውቀት ለዚህም ይሆናል። እምቢ በል። ሕግ አያስገድድህም፤ አረጋግጫለሁ፣ ያንተ ፊርማ ካልገባበት ከዚያ በረት አንድ ኮርማ አይወጣም። የሚያስገድድህ ኋላ ቀር እንዳይሉህ መፍራትህ ነው። አውቅሃለሁ፤ ትከሻህን መታ መታ ሲያደርጉህ ደስ ይልሃል።

ይህንንም ግን ትወጣው ይሆናል። እምቢ ትል ይሆናል፤ ኮርማዎቹ ይቀሩ ይሆናል፤ አንድ ክፉ ዓመት መጥቶ ካንተ በረት የወጣ ዘር ያገሩን ከብት ያድን ይሆናል። ያን ጊዜ ሰው ይነሳልሃል፤ ስምህን በክብር ይጠሩታል፤ አንተም «ብዬ ነበር» ትላለህ። እኔን የሚያስፈራኝ ከዚያ ወዲያ ነው። አንድ የማታውቀው ምስኪን የማትወደውን ወይፈን እየሳበ በደጅህ ሲያልፍ፣ ምን እንደምትለው ነው የምፈራው። ያን ቀን እንደ ዛሬው ተነስተህ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄደህ የምትጠይቅ አይመስለኝም።